ድምፁን ሊያስመልስ የሄደው ሰው

ጣራ እንጂ ግድግዳ በሌለው የጀልባ መጠበቂያ ውስጥ ተቀምጠን ጉሙ እስኪገለጥ እንጠብቅ ነበር። ሐይቁ ከየት እንደሚጀምር አይለይም። አጠገቤ ከተቀመጡት ሰው ጥቁር ጫማቸውና የኮታቸው ጫፍ ይታየኛል፤ ፊታቸው ግን አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል። ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ያስላል፤ ሳሉ ከውኃው ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። እንዲህ ባለ ጠዋት ሰው ነቅቶም ሕልም ያያል።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ ጀልባው ዛሬ የሚነሳ ይመስልዎታል?” አሉ ባለ ጥቁር ጫማው።

ድምፃቸውን ስሰማ ማንም ሳያዘኝ ቦርሳዬን አንስቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ግን አላወቅሁም። ሰውዬው ሳቁ።

“አይዞዎት፣ ይቀመጡ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያደርገዋል። ዕድሜዬን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ‘ተሳፋሪዎች፣ ሻንጣችሁን ያዙ’ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ የሰው እግር ግን አልረሳኝም። ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ጋሽ ድምፁ ነው የሚሉኝ።”

በወጣትነቴ ለትምህርት ከቤት ስወጣም፣ ለዕረፍት ስመለስም የሸኘኝና የተቀበለኝ ይህ ድምፅ ነበር። ባለቤቱን ግን አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም። አሁን ከጉሙ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ሳገኛቸው፣ የልጅነቴ መንገድ ሁሉ ሰው ሆኖ የመጣ መሰለኝ።

“እኔ ማዶ ያለው ኮሌጅ የታሪክ መምህር ነኝ” አልኳቸው። “እርስዎስ ወዴት ነዎት?”

“እዚያው ኮሌጅ ነኝ። ድምፄን ላስመልስ።”

ጉሮሯቸውን የታመሙ መስሎኝ “እግዜር ይማርዎ” አልኩ።

“ኧረ እኔስ ደህና ነኝ! የባለገው ድምፄ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእህታቸው ልጅ ኮሌጁ ውስጥ ኮምፒውተር ትማራለች። ከክበብ ጓደኞቿ ጋር ሆና ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚያነብ ፕሮግራም ስትሠራ፣ “ጋሼ፣ ድምፅዎን ያውሱን” ትላቸዋለች። ለእሷ ያልሆነ ለማን ይሆናል ብለው የዕረፍት ጊዜዋን ሙሉ ስልኳ ላይ ሲያነቡላት ከረሙ።

“ከዚያማ ረስቼው ነበር” አሉ ጋሽ ድምፁ። “በቀደም ጉልበቴን ልታይ ክሊኒክ ሄድኩ። በሩ ላይ ተራ የምትነግር ማሽን ቆማለች። የካርድ ቁጥሬን ብነካላት ማን ቢያናግረኝ ጥሩ ነው? እኔ! በገዛ ድምፄ ‘ቁጥርዎ አልታወቀም’ አለኝ። ደገምኩ። ‘ቁጥርዎ አልታወቀም፤ እባክዎ ለሌላ ሰው ቦታ ይልቀቁ’ አለኝ። ጌታዬ፣ ሰው በሰው ሲባረር አይቻለሁ፤ ሰው በራሱ ሲባረር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ እንኳ አላመለጠኝም፤ ድምፄ ብቻውን ነው አምልጦ የሄደው።”

ልስቅ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው አልሳቁምና ተውኩት። ይህ ሰው የቀረው ሀብቱ ድምፁ ነው፤ እሱም ሳያውቀው በሰው በር ቆሞ ሰው ሲመልስ አገኘው። ከዚህ የበለጠ ምን ያስደነግጣል?

ጉሙ ሳሳ፣ ጀልባው ተነሳ፣ አብረን ተሻገርን። ኮሌጁ ስንደርስም ብቻቸውን ልተዋቸው አልፈለግሁም፤ ክበቡ ያለበትን አሳያቸዋለሁ ብዬ ተከተልኩ።

ክበቡ ያለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ ያልፍና በተጠላለፉት ሽቦዎች ላይ እንደ ክር ይተኛል። የእህታቸው ልጅ ብቻዋን ነበረች። ስታያቸው ወንበሯን ገፍታ ተነስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

“ጋሼ! እኔ እኮ ቅዳሜ ልመጣ ነበር! ፈቃድዎን ልጠይቅ።”

“አሁን ነው ፈቃድ የምትጠይቂኝ?” አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። “ድምፄ ሥራ ከያዘ በኋላ?” ክሊኒክ የደረሰባቸውን ነገሯት።

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። “ድምፅዎ ማሽን ውስጥ መግባቱን ሰምቻለሁ ጋሼ። ልነግርዎ አፍሬ ነው የዘገየሁት።”

“ተይው፣ እኔም አጥፍቻለሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉ እየሰማሁ የሰጠሁ እኔ ነኝ። አሁን ግን ድምፄን አውጡልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።”

“እሺ፣ ይውጣ ካሉ ይወጣል። ግን እንዴት እንደተወሰደ ላስረዳዎ፤ ከዚያ ይፍረዱ።” ወንበሯን አቅርባ አስቀመጠቻቸው። “የሠራነውን ፕሮግራም አሠራሩን ጭምር ኢንተርኔት ላይ ዘርግተን ነው ያስቀመጥነው። ማንም አይቶ እንዲማርበት፣ የተሳሳትነውን እንዲያርምልን፣ ወስዶም እንዲሠራበት ብለን ነው። ክፍት ምንጭ ይባላል።”

“ክፍት መሆኑንማ ክሊኒኩ በር ላይ ሰማሁት።”

“የረሳነው ግን ነበረ ጋሼ። ስንዘረጋው በምን ውል እንደሚወሰድ አንድ ቃል አልጻፍንበትም። የአጠቃቀም ፈቃድ የሚባለውን ማለቴ ነው። ‘የሁሉም ነው’ ብለን አለፍን።”

“ዝም ካላችሁ ታዲያ የፈለገው ቢወስድ ምን ይገርማል?”

“እሱ ነው የተሳሳትነው። ሕጉ፣ ባለቤቱ ፈቅጃለሁ ካላለ አልፈቀደም ነው የሚለው። ስለዚህ ጨዋ የሆነ ሰው ይፈራል። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፕሮግራሙን ሊያስጭኑ ፈልገው ‘ፈቃዳችሁ የታለ?’ ቢሉን መልስ አጣን። እስከ ዛሬ አላስጫኑም። ለክሊኒኩ ማሽኗን የሸጠው ድርጅት ግን ማንንም ሳይጠይቅ ወሰደ። ስማችንን ፍቆ የራሱን ለጠፈ፤ ማንም አይቶ እንዳያርመው አሠራሩን ቆለፈው።”

“ጨዋው ደጅ ቀረ፣ ዓይን አውጣው ገባ ነው የምትይኝ።”

“እንደዚያ ነው።”

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!” አሉ ጋሽ ድምፁ በብስጭት። “እንግዲያው ቀላል ነው። እናንተም ዝጉት።”

“ብንዘጋው ድርጅቱ እጅ የገባው አይመለስም ጋሼ። ድምፅዎን ዛሬ ባወጣው፣ የሚወጣው ከዓይነ ስውራኑ እጅ ብቻ ነው።”

ጋሽ ድምፁ ይህን ሲሰሙ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም በልቤ፣ ቁልፍ ሁሉ ሌባን የሚከለክል ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚከለክለው አንኳኩቶ የሚገባውን ነው አልኩ። ይሁንና ሽማግሌው በአንድ ቃል የሚሸነፉ አልነበሩም።

“መልካም፤ ፈቃዱን ጻፉት። ግን ለእኔ አንድ ነገር ጨምሩበት። በዚህ ድምፅ ሰው አይባረርበት በሉ።”

“ይህን መጻፍ አልችልም።”

“ለምን? የገዛ ድምፄ አይደለም?”

“ነው። ግን ‘ለበጎ ብቻ’ ብለን ብንጽፍ በጎውን ማን ይዳኛል? ዛሬ እኛ፤ ነገ ስንመረቅ ማን? ሐኪሙ ሰው በዝቶበት ‘ዛሬ አይመቸንም’ ቢል ማባረር ነው? ደግሞም ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎስ ዕድሜዎን ሙሉ ‘አውቶቡሱ ሞልቷል’ ሲሉ አልኖሩም?”

ሽማግሌው ቀና አሉ። እኔ ሊቆጧት ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸው ለስልሶ፣

“ብያለሁ” አሉ። “በዝናብም በፀሐይም ብያለሁ። ግን ‘ሞልቷል’ ብዬ አቁሜ አላውቅም። ‘ቀጣዩ ይመጣል፤ እናቶች ጥላው ስር ቁጭ በሉ’ እል ነበር። አለቃዬ ‘ይህ አልታዘዘም’ ሲለኝ እንኳ አልተውኩም። ያቺ ማሽን የሚጎድላት እሱ ነው። ‘አልታወቀም’ ብላ ዝም!”

“አዩ!” አለች ልጅቷ፤ ከመቀመጫዋ ተነሳች። “ይህን የጎደላትን ቃል ማን ይጨምርላት? ነርሷ ብትፈልግ አትችልም፤ ተቆልፏል። እኔ ብፈልግ አልችልም። የእኛን ሥራ ለማረም እኛው ተከልክለናል። የመረጥነው ፈቃድ ግን እንዲህ ነው የሚለው፦ ውሰድ፣ ተጠቀምበት፣ እንደፈለግህ ለውጠው። ለሌላ ስትሰጥ ግን ክፍት ሆኖ እንዳገኘኸው ክፍት አድርገህ ስጥ፤ የሠሩትንም ሰዎች ስም አትፋቅ። ድርጅቱ እስካሁን ያለ ፈቃድ ነው የያዘው። ፈቃዱ ሲወጣ ወይ በውሉ ይገባል፣ ወይ ይተወዋል። በውሉ ከገባ፣ ‘አልታወቀም’ ከሚለው ቀጥሎ የእናቶቹን ጥላ የሚጨምር ሰው አይጠፋም። ድምፅዎ ክፉ እንዳይናገር በወረቀት መከልከል አልችልም ጋሼ። ክፉ ሲናገር የሚያርመው ሰው እንዳይከለከል ማድረግ ግን እችላለሁ።”

ብርሃኑ ከሽቦዎቹ ላይ ተነስቶ ጉልበታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ድምፁ፣ “እና የቀረው የእኔ ፈቃድ ብቻ ነው?” ሲሉ ጠየቁ።

“የእርስዎና…” አለችና ቆመች።

“የማን?”

“የአንዲት ልጅ። ዝምተኛዋ እንላታለን። እርስዎ ያነበቡልንን ቃላት እየቆራረጠ የሚገጣጥመውን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። አንድ መስመር የጻፈ ሁሉ ካልፈቀደ ፈቃዱ አይወጣም። የተመረቁት ሁሉ ፈቅደውልናል። እሷ ግን መልእክት ብንልክላት ብንልክላት አትመልስም።”

“ምን አድርጋችኋት?”

ልጅቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

“እኔ ነኝ። ሥራዋ ውስጥ ስህተት አገኘሁና፣ ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ ‘ይህን ሰው የጻፈው በእጁ ሳይሆን በእግሩ ነው’ ብዬ ጻፍኩባት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ክበቡ አልመጣችም። ግድ የለም ጋሼ፣ የእሷን ክፍል እንደ አዲስ መጻፍ እንችላለን።”

“ቀልድሽ አሁንም እዚያ ገጽ ላይ አለ?”

“አለ።”

“አዲስ ተማሪ ወደ ክበባችሁ ይመጣል?”

“ይመጣሉ፤ ያነባሉ፤ ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ብቻዬን የሚያዩኝ። ስመረቅ ለማን እንደማስረክበው አላውቅም።”

“ስሚኝ የኔ ልጅ። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አንዱን ሰድቦ ‘ቀልዴን ነው’ ማለት አይችልም፤ መናኸሪያው ሁሉ ሰምቶታል። የእሷን ጽፈሽ ትተኪው ይሆናል፤ ከደጅ የሚመለሰውን ልጅ ግን በምን ትተኪዋለሽ? እኔን በልስላሴ የምትለምኚኝ የእናትሽ ወንድም ስለሆንኩ ነው። ወደ እሷ ሂጂ። እሷ ሳትፈቅድ እኔ አልፈቅድም።”

አንዱ ስለ ድምፁ ሊከስ መጥቶ ስለ ሌላ ሰው ክብር ሲሟገት ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! ልጅቷ ስለ ውል የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ውል በሰዎች መካከል የሚጻፍ ነው። ሰዎቹ ከተበተኑ ወረቀቱ ማንን ያስራል?

ዝምተኛዋ ከጀልባው መሳፈሪያ ወደ ላይ በሚወጣው ጎዳና ላይ ስልክ የምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ አላት። ሦስታችን ስንገባ ሱቁ ሞላ። በብረት ክንድ የታሰረ መብራት ስር አንገቷን ደፍታ፣ በወረንጦ የጥፍር ጫፍ የምታህል ነገር ይዛ ነበር። ቀና ብላ አየችንና ያንን ነገር በጥንቃቄ አስቀመጠች።

“ፈቃዱን ፈልገሽ ነው” አለቻት የእህታቸውን ልጅ።

“አዎ። ግን መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ያንን ስጽፍ ሰው እንዲስቅልኝ ፈልጌ ነው። ስህተቱን ለብቻሽ ልነግርሽ እችል ነበር።”

“ስህተቱ ስህተት ነበር” አለች ዝምተኛዋ። “እኔም አግኝቼው አርሜው ነበር። ልልከው ገጹን ስከፍት ያንን አነበብኩ። ዘጋሁት። እርማቱ እስካሁን እኔ ጋ ነው።”

የእህታቸው ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች። በዚያ ስህተት ምክንያት ፕሮግራሙ ረጅም ቃል ሲያነብ እየተደናቀፈ፣ እሷ ሌሊት ከቀን ስትታገለው እንደቆየች ኋላ ነገረችኝ።

“ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ፤ ያንን የጻፍኩትን” አለች።

“አታጥፊው። ብታጠፊው ያነበቡት ሰዎች አይረሱትም፤ ያላነበቡት ደግሞ ለምን እንደሄድኩ አያውቁም። ከሥሩ ይቅርታሽን ጻፊበት። ከዚያም በክበቡ ውስጥ ሰው የሰውን ሥራ እንዴት እንደሚተች በደንብ ይጻፍ፤ ያንን ያልጠበቀ፣ አንቺም ብትሆኚ፣ የሚገሥጸው ሰው ይኑር።”

“ይጻፋል። ትመለሻለሽ?”

“እሱን አላውቅም” አለች ዝምተኛዋ። “ፈቃዱን ግን እሰጣለሁ። ዓይነ ስውራኑ ምን አጠፉ?”

ጋሽ ድምፁ “ተባረኪ” ሲሏት ወደ እሳቸው ዞረች፤ ድንገት ፊቷ በራ። “እርስዎ ነዎት! እያንዳንዱን ድምፅዎን አውቀዋለሁ። ‘ረ’ ሲሉ ትንሽ ይዘገያሉ። እሱን እንዳልቆርጠው ስንት ለፋሁ መሰለዎት! ብቆርጠው ድምፁ ይቸኩላል፤ እርስዎ ደግሞ ሰው የሚያስቸኩሉ አይመስሉም።”

ጋሽ ድምፁ ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ። ድምፄን ማንም እንደ ዕቃ ወሰደው ሲሉ የመጡ ሰው ናቸው፤ አንዲት ልጅ ግን ፊታቸውን ሳታውቅ፣ በዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የዝግታቸውን ልክ ስትጠብቅ ከርማለች።

“እኔም ፈቅጃለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ክፍት ይሁን። ውሉ ግን ይጻፍ፤ የሁላችሁም ስም አብሮ ይጻፍ። ማንም እንዳይፍቀው።”

እንግዲህ ይህ በመሆኑ የተገኘውን ጥቅም ልናገር፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጻፈው ለዚሁ ነውና። ፈቃዱ በወጣ በሳምንቱ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙን አስጫነ፤ ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ ማንንም መለመን አላስፈለጋቸውም። ማሽን ሻጩ ድርጅት መጀመሪያ አኮረፈ። ኋላ ግን ክሊኒኩ ራሱ ‘ፈቃዳችሁን አሳዩን’ ብሎ ሲይዘው፣ የሠሪዎቹን ስም መለሰ፤ የለወጠውንም ሁሉ ከፈተ። ያቺ ማሽን ዛሬ ቁጥር ስታጣ፣ “ቁጥርዎን አላገኘሁትም፤ በስተቀኝ ያለችው እህት ትረዳዎታለች” ትላለች። ይህን ቃል የጨመረችው የክሊኒኩ ነርስ ናት። ክበቡም አዲስ ሰው ሲመጣ ከጎኑ የሚቀመጥ ነባር ተማሪ ይመደብለት ጀመር፤ የሚመረቀው ከመመረቁ በፊት ያስረክባል። ዝምተኛዋ ወደ ክበቡ አልተመለሰችም። እርማቷን ላከች፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ጀማሪ ተማሪ ሱቋ ድረስ ሲሄድ አትመልሰውም። ሁሉ ነገር አይጠገንም፤ የሚጠገነው ግን መጠገን አለበት።

ስለ ክፍት ሥራ የሚጠራጠር አንባቢ ካለ፣ ይህን ልበለው። በልግስናው የሚመካ ሰው ውል መጻፍ ንፍገት ይመስለዋል፤ ንፉጉም ውል መቆለፊያ ብቻ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በግልጽ የተጻፈ ፈቃድ ለጨዋው በር ነው፤ ለዓይን አውጣውም ማፈሪያው ነው። በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ቋንቋ ካልጣመ ደግሞ፣ በር መክፈት ብቻውን ማንንም አያስገባም።

በቀደም ዝናብ ሲዘንብ ጋሽ ድምፁን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። የእህታቸው ልጅ ቀድማኝ ገብታ፣ ስልኳን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ነበር። ከስልኩ ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ ሁላችንም በማናውቀው ቋንቋ፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። ልጅቷ በሹክሹክታ እንደነገረችኝ፣ በሩቅ አገር ያሉ ተማሪዎች ፕሮግራሙን ወስደው የጋሽ ድምፁን ድምፅ በራሳቸው ሰፈር አሮጊት ድምፅ ተኩት፤ በውሉም መሠረት ሥራቸውን ክፍት አድርገው ላኩት።

“ምን እያሉ ነው?” አልኩ።

“እኔ እንጃ” አለች።

የዝናቡ ድምፅ ከአሮጊቷ ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ ክፍሉን ሞላው። ጋሽ ድምፁ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ይሰማሉ። ልጅቷ እንግዳ መጥቷል ብላ ስልኩን ልታጠፋ እጇን ስትሰድድ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጇን ያዙ።

“ተያቸው፤ ይጨርሱ።”